ለተቀባ በርበሬ የአገር አልኮል

በአቡ ዳቢ ኤምሬት ካለችው ከአል ዓይን ከተማ መሀል ወደ ምዕራብ ወጣ ባለው በአል ሙዋይጂ ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸውና በሚሠሩባቸው ቤቶች የሚገኘው በርበሬ ብዙውን ጊዜ በንግድ መንገድ የገባ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ተደርቦ፣ ከሽሮና ከበሶ ጎን ተቀምጦ ይደርሳል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የምትመገበውን አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ አገር ስለሆነች በወደብና በአውሮፕላን ማረፊያ ለሚገባ የንግድ ምግብ ቁጥጥሯ ጥብቅ ነው። አቡ ዳቢ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ቁጥጥር ባለሥልጣን አቋቁማለች፤ ዛሬ የግብርናና የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ተብሎ ይጠራል። በ2015 የወጣው የፌዴራል የምግብ ደኅንነት ሕግም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ በሚነግድ ሰው ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚደርስ መቀጮ ይጥላል። ይህ ሁሉ ግን የተሠራው በኮንቴይነር ለሚመጣው ነው። እናት ለልጇ የላከችው 3 ኪሎ በርበሬ ናሙና አይወሰድበትም፣ ሊወሰድበትም አይገባም። ስለዚህ የዚያ በርበሬ ንጽሕና የሚረጋገጥ ከሆነ የሚረጋገጠው በተገዛበትና በተፈጨበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ምርመራው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ማለትም የላቦራቶሪ ፈሳሽ ውድነትና እጥረት፣ እኔ እንደማየው ከምናስበው በላይ በእጃችን የሚፈታ ችግር ነው።

በርበሬ በዓይን የሚገዛ ዕቃ ነው። ደማቅ የሆነው ውድ ነው፤ የገረጣው ዋጋው ይወርዳል። የተፈጥሮ ቅላቱ ደግሞ ብርሃንና አየር ሲያገኘው፣ መጋዘን ውስጥ ሲከርምም፣ ይደበዝዛል። የማረቆም ይሁን የአላባ፣ የቡሬም ይሁን የፍኖተ ሰላም በርበሬ ካረጀ ያው ነው። ማጭበርበሩ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል፣ ወይም የተጨመረበትን ርካሽ ዱቄት ለመሸፈን፣ ቀለም ይጨመራል። በዓለም ገበያ ለዚህ ተግባር በጣም የታወቁት ሱዳን 1፣ 2፣ 3 እና 4 የሚባሉት ሰው ሠራሽ ቀለሞች ናቸው፤ ከጎረቤታችን አገር ጋር የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። ሥራቸው ሰም፣ ዘይት፣ ነዳጅና የጫማ ቀለም ማቅለም ነው። በውኃ አይሟሙም፣ በዘይት ይሟማሉ። ብዙ ሰው የሚያምነው የብርጭቆ ውኃ ፈተና፣ ማለትም በርበሬውን ውኃ ላይ ነስንሶ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ማየት፣ እነዚህን የማይዛቸው ለዚህ ነው። እንዲያውም ወጡ ላይ የሚያምር ቀይ ዘይት እንዲንሳፈፍ ያደርጋሉና ባለሙያዋንም ያሞኛሉ።

ጉዳታቸውን በሚመለከት ማጋነንም ማቃለልም አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሱዳን 1ን በ3ኛው ምድብ ያስቀመጠው ሲሆን፣ ይህ ማለት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ ለመመደብ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ግን በ2005 መረጃውን ገምግሞ ሱዳን 1 የዘር ቅንጣትን የሚጎዳ፣ በእንስሳትም ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ገልጿል። ሱዳን 4 በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ከሚለቃቸው ነገሮች አንዱ ኦርቶ ቶሉዲን ሲሆን፣ እሱ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የተበላ ወጥ ሰው አይገድልም። በርበሬ ግን በእኛ ቤት የአንድ ቀን ምግብ አይደለም፤ ከልጅነት እስከ እርጅና በየቀኑ የሚበላ ነው። ከሌላው ዓለም የምንለየው በዚህ ነው፤ አውሮፓዊ በሾርባው ጫፍ የሚነሰንሰውን እኛ በማንኪያ እንጨምራለን። ስለዚህ ለእነሱ በቂ የሆነ ጥንቃቄ ለእኛ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ልምድ ምን ያሳያል? በ2003 ፈረንሳይ ከሕንድ በመጣ የሚጥሚጣ ዱቄት ውስጥ ሱዳን 1 ማግኘቷን አሳወቀች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ምርመራ ያላለፈ የሚጥሚጣ ዱቄት እንዳይገባ ወሰነ። ይህ ከተወሰነ በኋላ፣ የካቲት 2005 ላይ፣ ብሪታንያ ውስጥ ከውሳኔው በፊት የተገዛ ሱዳን 1 ያለበት ዱቄት በአንድ የስጎ ምርት ውስጥ ተገኘ። ስጎው የሌሎች ምግቦች ቅመም ስለነበር ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወረዱ። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ታዋቂ የዶሮ ጥብስ ቤቶችና የስጎ አምራቾች ተነካኩ፤ በ2006 ደግሞ አስኳሉ እንዲቀላ ሱዳን 4 የተቀላቀለበት መኖ የበሉ ዳክዬዎች እንቁላል ተያዘ። አፍሪካም አልቀረላትም። ጋና ውስጥ በ2015 በገበያ ላይ የነበረ ቀይ የዘንባባ ዘይት ሱዳን 4 ተገኝቶበት ነበር፤ ዛሬም አውሮፓ ከጋና የሚገባውን የዘንባባ ዘይት ለይታ ትመረምራለች። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ማጭበርበሩ የተያዘው ሕግ ስለነበረ አይደለም፤ ሕጉማ ከዚያ በፊትም ነበረ። የተያዘው አንድ ሰው ናሙና ወስዶ ስለመረመረ ነው።

እንግዲህ ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። በተለመደው ዘዴ በርበሬው ተመዝኖ በአሴቶኒትራይል ይዘፈዘፋል፣ ይናወጣል፣ ይጣራል፤ ከዚያም ባለሙያዎች ኤች ፒ ኤል ሲ በሚሉት መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። መሣሪያው ቀለሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያሳልፈው ራሱ በፈሳሽ እየተገፋ ነው፤ ያም ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ አሴቶኒትራይል ነው። በተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ይፈሳል፤ ቀንና ሌሊት ከሠራ 1 ሊትር ተኩል የሚጠጋ ዝቃጭ ይወጣዋል። አሴቶኒትራይል በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ወደ ሰውነት ሲገባም ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ፈሳሽ ነው። የሚመረተውም ለራሱ ተብሎ አይደለም፤ አክሪሎኒትራይል የሚባል የፕላስቲክና የክር ጥሬ ዕቃ ሲመረት የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ይህ ጉዳይ በ2008 ዓለምን አስተምሯል። የገንዘብ ቀውሱ የመኪናና የክር ፋብሪካዎችን ሲያቀዘቅዝ፣ ቻይና ለቤጂንግ ኦሎምፒክ ስትል ፋብሪካዎችን ስትዘጋ፣ አይክ የተባለው አውሎ ነፋስም ቴክሳስ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ሲያቆም፣ በመላው ዓለም የላቦራቶሪ አሴቶኒትራይል ጠፋ፤ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ሆነ። የመኪና ሽያጭ ሲቀንስ የምግብ ምርመራ የሚቆምበት አሠራር ለሀብታም አገር እንኳ የማይመች ነው። የውጭ ምንዛሪ ተሰልፎ ለሚጠብቅ አገር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። መሣሪያ በእርዳታ ይመጣል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ግን መሣሪያው አቧራ ይለብሳል።

አረንጓዴ ማሟሚያ የሚባለው ሐሳብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አናስታስና ዋርነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎችን ዘረዘሩ፤ የመጀመሪያው ዝቃጭን ከማጽዳት አለመፍጠር ይሻላል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የምርመራ ኬሚስቶች ራሳቸውን ጠየቁ፤ ብክለትን ለመለካት እኛ ራሳችን ለምን እንበክላለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ለእኛ አገር ክርክሩ ከዚህ መነሳት አለበት ብዬ አላምንም። አካባቢን ስለመጠበቅ ብቻ ከሆነ፣ በዓመት ጥቂት በርሜል የማይሞላ የላቦራቶሪ ፈሳሽ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጎን ምንም አይደለም፤ የአቃቂን ወንዝ ያበላሸው አሴቶኒትራይል አይደለም። ለእኛ የአረንጓዴው ማሟሚያ ትልቁ ጥቅም የምርመራውን ቁጥር ማብዛቱ ነው። ርካሽ፣ በአገር ውስጥ የሚገኝ፣ ለባለሙያውም ለማስወገጃውም ከአሴቶኒትራይል ያነሰ ጥንቃቄ የሚፈልግ ፈሳሽ ካለ፣ በወር 10 ናሙና የሚያየው ላቦራቶሪ 100 ለማየት ከእንቅፋቶቹ አንዱ ይነሳለታል።

ቀለም ምርመራ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ እውነት አለ። አሴቶኒትራይል በላቦራቶሪ ዓለም ንጉሥ የሆነበት አንዱ ዋና ምክንያት ለአልትራቫዮሌት ብርሃን እስከ 190 ናኖሜትር ድረስ ግልጽ መሆኑ ነው፤ ለዓይን የማይታዩ ውሁዶችን በዚያ ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ይህ ወርቅ ነው። ኢታኖል ማለትም ተራው አልኮል ግን ከ210 ናኖሜትር በታች ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። የምንፈልገው ነገር ግን ቀለም ነው! ሱዳን 1 ብርሃን የሚውጠው 480 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ሱዳን 4 ከዚያም አልፎ። ዓይናችን ቀይ ሆኖ የሚያየውም ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ኢታኖልም አሴቶኒትራይልም እኩል ግልጽ ናቸው። ስለዚህ ለቀለም ምርመራ በአሴቶኒትራይል መገልገል ለማንጠቀምበት ብቃት መክፈል ነው። የሚሟሟው መጠንም አያሳስብም። አውሮፓውያን እርምጃ ለመውሰድ የተጠቀሙበት ወሰን በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ነው፤ በ2 ግራም በርበሬ ውስጥ ይህ 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል ቀለም ለማሟሟት 10 ሚሊ ሊትር አልኮል ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ላይ ለትርፍ ብሎ ቀለም የሚጨምር ሰው ግማሽ ሚሊ ግራም አይጨምርም፤ እሱ ለዓይን አይታይም። የሚጨምረው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነውና ለመጀመሪያ ማጣሪያ የረቀቀ ትብነት አንፈልግም።

አልኮል ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ከአሴቶኒትራይል ውሕድ ከእጥፍ በላይ ወፍራም ስለሚሆን መሣሪያው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ቀለሞቹ የሚለዩበትን የመሣሪያውን ዓምድ እስከ 50 ዲግሪ ማሞቅ ግን አብዛኛውን ይፈታዋል። የበርበሬው የራሱ ቀለሞችም በአልኮሉ አብረው ይወጣሉ፤ እነሱም በተቀራራቢ ብርሃን ስለሚታዩ በመሣሪያው በደንብ ካልተለዩ ንጹሑን በርበሬ የተቀባ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ይህ የምርመራው እውነተኛ ፈተና ነው፤ በየትኛውም ፈሳሽ ቢሠራ አይቀርም።

በምርምር መጽሔቶች ዛሬ ከአልኮል ይልቅ ብዙ የሚወራለት ሌላ ዓይነት አለ፤ ጥልቅ ዩቴክቲክ ማሟሚያ ይሉታል። ሁለት ጠጣር ነገሮች ሲቀላቀሉ ፈሳሽ የሚሆኑበት ነው። በ2003 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ለዶሮ መኖ የሚጨመረውን ኮሊን ክሎራይድና የማዳበሪያውን ዩሪያ ሲያዋሕዱ፣ ለየብቻቸው ከ130 ዲግሪ በላይ ካልሞቁ የማይቀልጡት ሁለቱ፣ በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ውሕድ ሆኑ። ሜንቶልና ታይሞል ሲቀላቀሉም እንዲሁ ይፈሳሉ፤ ይህኛው ውሕድ ውኃ የማይወድ ስለሆነ እንደ ሱዳን ያሉ በዘይት የሚሟሙ ቀለሞችን ለመሳብ ይመቻል። (ታይሞል በነጭ አዝሙድና በጦስኝ ውስጥ በብዛት ያለው ሽታ መሆኑን ለሚያውቅ፣ በርበሬ የሚመረመርበት ፈሳሽ ከራሱ ከቅመሙ ሊወጣ መቻሉ ደስ የሚል ነገር ነው።) አቡ ዳቢ ባለው የኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ በእነዚህ ፈሳሾች ላይ ለዓመታት የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር ግን ልቤ አይቀበላቸውም። ብዙዎቹ ወፍራም ናቸው፣ እርጥበት ይስባሉ፣ አይተኑምና ከናሙናው ለማስወገድ ያስቸግራሉ፤ ክፍሎቻቸው ለየብቻ ምንም ያህል የዋህ ቢሆኑ ውሕዱ የዋህ መሆኑ በራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። አረንጓዴ የሚለው ስም በአንዳንድ ጽሑፍ ላይ ከማስረጃው ቀድሞ ይሮጣል። አልኮል ዝና የለውም፤ ግን የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት ያወቀው ነው።

አልኮሉ ደግሞ በአገራችን አለ። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታሉ፤ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ተቀላቅሎ መኪና ሲነዳ ነበር። ለሞተር የበቃው ለላቦራቶሪ አይበቃም የሚል ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እንዳለ አይበቃም። እንደገና መጣራትና ንጽሕናው መመስከር አለበት። ይህ ግን ለማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ለቀለም ምርመራ የሚያስፈልገው ንጽሕናም ለአልትራቫዮሌት ከሚያስፈልገው ይቀላል። የገቢ ዕቃ ቀረጥ፣ የሚጠበቅ የባንክ ፈቃድ፣ የአደገኛ ዕቃ ጭነት ክፍያ የለበትም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ አልኮል በተቀመጠበት ቤት መዝገብ መያዝ እንዳለበት ለአበሻ መምከር አያስፈልግም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የተቀባይነት ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት የሚቀበለው፣ ገዢ አገርም የሚያምነው፣ የታወቀውን ዘዴ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን አይ ኤስ ኦ 17025 የተባለው የላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መመዘኛ አንድን ፈሳሽ ተጠቀሙ ብሎ አያስገድድም፤ ላቦራቶሪው በራሱ ያዘጋጀውን ዘዴ ብቃቱን በመረጃ ካሳየ ይቀበለዋል። ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛዎችን የሚያወጣው ኮዴክስም ቢሆን ዘዴውን በስም ከማዘዝ ይልቅ ዘዴው ሊያሟላ የሚገባውን መለኪያ የማስቀመጥ አሠራር አለው። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ደረጃ ያለው ነው። ብዙውን ናሙና በአልኮል ዘዴ ማጣራት፣ የተጠረጠረውን ጥቂቱን ብቻ ለክስ በሚበቃው ዘዴ ማረጋገጥ። ያን ጊዜ ውዱ ፈሳሽ የሚፈሰው ለሚገባው ናሙና ብቻ ይሆናል። ንጹሕ ነጋዴም ለተሳሳተ ውጤት አይዳረግም፤ በአንድ የአልኮል ምርመራ ብቻ ማንም ሱቁ እንዲታሸግበት አልፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ምርመራ ማጭበርበርን አያጠፋም፣ ሥሩ ድህነትና የኑሮ ውድነት ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ባንግላዴሽ ናት። እዚያ እርድ ቢጫ እንዲሆን ሊድ ክሮሜት የተባለ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀላቀልበት ነበር። በ2019 ከገበያ ከተወሰዱ የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶ የሚሆኑት እርሳስ ነበረባቸው። የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ ይዞ ዳካ ውስጥ ወዳለው ትልቁ የቅመም ገበያ ገባ፤ እዚያው መረመረ፣ እዚያው ቀጣ፣ ለሕዝብም ነገረ። በ2021 ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ባንግላዴሽ በሁለት ዓመት ከድህነት አልወጣችም፤ የተለወጠው የመያዝ ዕድሉ ነው። መለኪያው በዘርፉ የመጨረሻው ትክክለኛ መሣሪያ አልነበረም፤ ገበያው ውስጥ መገኘቱ ግን በቂ ነበር። የሱዳን ቀለሞች ብረት ስለሌላቸው በዚያ መለኪያ አይያዙም፤ እነሱን ለመያዝ ፈሳሽ ግድ ነው። ፈሳሹ አልኮል ከሆነ ግን ሥራው ከዋና ከተማው ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሐዋሳ ሊወርድ ይችላል። ቀለም ስለሆነም፣ በስስ ሰሌዳ ላይ በሚሠራው ቀላል ክሮማቶግራፊ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀን እንኳ ባለሙያው ነጠብጣቡን በዓይኑ ያየዋል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሥልጣኑም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የሚቀረው ሥልጣኑ ወደ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የሚደርስበት መንገድ ነው። አል ዓይን ውስጥ ከ1976 ጀምሮ ያለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ያስተምራል፤ የአቡ ዳቢ ላቦራቶሪዎችም ዕውቅና ያላቸው ናቸው። እነሱ አሴቶኒትራይል የመግዛት ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ አልኮል ይጠቀሙ ብዬ አልሰብክላቸውም። ሊረዱን የሚችሉት በሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በአልኮል የተመረመረ በርበሬ እነሱ ዘንድ በተለመደው ዘዴ ተመርምሮ ውጤቱ ሲነጻጸር፣ ዘዴው ለመታመን የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያገኛል። ሕዝባችን በሚኖርበት አገር፣ ኤምባሲው ለዚህ የሚሆን አንድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። ባለሥልጣኑና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ በኢታኖል የሚሠራ የሱዳን ቀለም መመርመሪያ ዘዴ አስፈትነው በደረጃ መልክ ያውጡልን፤ የፊንጫ አልኮል ለላቦራቶሪ በሚሆን ንጽሕና እንዲዘጋጅ ለስኳር ፋብሪካዎቹ ትእዛዝ ይስጡ፤ የምርመራውንም ውጤት የገበያውን ስም ጠቅሰው በየወሩ ያሳውቁ። ወደ አል ሙዋይጂ በርበሬ የምትልኩ ቤተሰቦችም ዛላውን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ራሳችሁ ቀንጥሳችሁ አስፈጩ፤ የተፈጨ ከሆነ ከማን እንደገዛችሁ ማወቅ እንኳ አይበቃም።